እማማ «ባዶውን አይሆንም» እና የጋለው ላፕቶፕ

ባዶ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ ማየት የማትችል ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። አለ የሚል ካለ፣ የሚኖረው መጋዘን ውስጥ ነው። እናንተም ታውቋታላችሁ። ከበሩ ስትገቡ ዓይኗ ፊታችሁ ላይ አያርፍም፤ የምትቀመጡበትን ነው የሚፈልገው። ልትቀመጡ ጎንበስ ከማለታችሁ «ቆይ! ቆይ! ባዶውን አይሆንም!» ትላለች። እናንተም ሳትቀመጡ ሳትቆሙ፣ ጉልበታችሁን እንዳጠፋችሁ ትቀራላችሁ። ስትመለስ ትራስ ይዛለች፣ ትራሱን የምታለብስበት ፎጣ ይዛለች፣ ፎጣው ይሻክር ይሆናል ብላ ደግሞ ነጠላ ይዛለች። እስከዚያ የመጣችሁበትን ጉዳይ ረስታችሁታል።

በእኛ ሕንፃ፣ እስራኤል አገር፣ ቤር ሸቫ ከተማ፣ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ወይዘሮ ደመቀች ናቸው። ፊት ለፊት እማማ ደመቀች እንላቸዋለን። የሚኖሩት ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ከጎንደር ከመጡ አስር ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ዕቃ ያለብሳሉ። ያለብሳሉ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ስልኩ ዳንቴል ለብሷል። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ጥለት ያለው ነጭ ጨርቅ ደርቦ ጥግ ላይ ቆሟል፤ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰው መስሎኝ እጅ ልነሳ ነበር። የማዝጋኑ፣ የአየር ማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ እንኳ የራሱ ከረጢት አለው።

ልጃቸው ሮን «ኢማ፣ ዳይ! ዕቃ ነው፣ ብርድ አይሰማውም» ይላቸዋል፤ እማ፣ በቃሽ ማለቱ ነው።

«ብርዱን ማን አነሳ? ባዶውን ሲያዩት አያሳዝንም?» ይላሉ።

እኔ አዝመራው እባላለሁ። ቀን የገበያ አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ቦርሳ እፈትሻለሁ፤ ሲመቸኝ እንዲህ ያለውን እጽፋለሁ። የምኖረው ብቻዬን ነው። አንድ ጠረጴዛና አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነበረኝ፤ ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይደረግለታል እያልኩ። እማማ ደመቀች ወደ ሰፈሩ በገባሁ ሰሞን ቤቴን ሊያዩ መጡና ወንበሬን አዩ። አዩትና ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ቤተሰቤ ያለቀ ይመስል። በማግስቱ ወንበሬ ከመቀመጫው እስከ መደገፊያው ሰማያዊ ልብስ ተሰፍቶለት ነበር። የቤር ሸቫ የነሐሴ ሙቀት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጀርባዬ ረጠበና አወለቅሁት። ሦስት ቀን ያህል ባዶውን ተቀመጥኩ። ከዚያ ራሴ መልሼ አለበስኩት። ለምን ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ደግሞ ብታዩዋቸው! ብረቱ አግዳሚ ላይ አንዲት ወታደር ጠመንጃዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። እማማ ደመቀች አንገታቸው ላይ ያለውን ሻሽ ፈቱ። «ተነሽ ልጄ፣ በሞቴ! ብረቱን ባዶውን?» ልጅቱ አማርኛ አታውቅም። ግን እንዲያ ያለ ድምፅ ማን እምቢ ይላል? ተነሳች። አነጠፉላት። ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሲመጣ ሻሹን ይዛባቸው ሄደች፤ እሳቸውም ደስ አላቸው።

ጤና ጣቢያ ሄደው ሐኪሙ የመመርመሪያው አልጋ ላይ ያንን ነጭ ወረቀት ሲስብላቸው «እኔ ሥጋ ነኝ እንዴ በወረቀት የምጠቀለል?» አሉ፣ ነጠላቸውን አነጠፉ፣ ተኙ። ሲወጡ ግን ነጠላውን እዚያው ተዉት። «ከእኔ ቀጥሎ የገባችው ሴት አሮጊት ናት» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው መሆኑን ለጊዜው ረስተውት ነው።

አሁን ወደ ላፕቶፑ ልምጣ፣ የተነሳሁበት እሱ ነው።

ሮን ከሠራዊት ወጥቶ ፋብሪካ ሲገባ መጀመሪያ የገዛው ላፕቶፕ ነበር። ላፕቶፕ ስላችሁ ያቺን ቀጭኗን እንዳታስቡ። ይሄ ጦርነት የሚጫወቱበት ነው፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ ቁልፎቹ ሥር ቀይ መብራት የሚያበራ። ሮን ጨዋታ ሲከፍት ማራገቢያው ይነሳል፤ ማራገቢያው ሲነሳ ወፍጮ ቤት አጠገብ የተከራየሁ ይመስለኛል። ጣሪያዬ ያጉረመርማል። በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዬን እደበድባለሁ። ሮን ከላይ «ስሊሃ!» ብሎ ይቅርታ ይጠይቅና ይቀጥላል።

ላፕቶፑ ግን ሌላ ሥራም ነበረው። ከስክሪኑ በላይ ትንሽ ካሜራ አለችው። የእማማ ደመቀች ታላቅ እህት፣ እማማ ትብለጥ፣ ጎንደር ናቸው። ወደ እስራኤል ለመምጣት ዛሬ ነገ እየተባሉ አዘዞ ቤት ተከራይተው ይጠብቃሉ። ፋይላቸው አልተዘጋም፣ አላለቀምም። በወር አንድ ዓርብ፣ ቀትር ላይ፣ በሚኒባስ ፒያሳ ወጥተው ኢንተርኔት ቤት ይገባሉ። እዚህ ደግሞ እማማ ደመቀች ሮን ያሳያቸውን አረንጓዴ ምልክት ይጫናሉ። ያኔ ሁለት እህትማማቾች ከአስር ዓመት በኋላ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ምስሉ ቢንቀጠቀጥም፣ ድምፁ ከአፍ ቢዘገይም።

ይተያያሉ ልበል እንጂ፣ ሰላምታው ራሱ ገና ሳያልቅ ነበር ላፕቶፑ የሚጠፋው። እንደምን ነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ እንዲያ እንዲያ እየተባለ፣ እማማ ትብለጥ «ስሚኝማ እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ሲሉ ማራገቢያው መጮኽ ይጀምራል። ጩኸቱ ይጨምራል። እማማ ደመቀች «ምን አልሽ? ምን?» እያሉ ጆሯቸውን ይደቅናሉ። ከዚያ ድርግም! ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሲነኩት እንደ ምጣድ ይፋጃል።

ጎንደር ያሉት ግን ማሽን ጋለ የሚባል ነገር አይገባቸውም። እሳቸው ጋ የሚታየው እህታቸው መዝጋቷ ብቻ ነው።

«እናቴ ይሙት አልዘጋሁም!» ይላሉ እማማ ደመቀች በማግስቱ በስልክ፣ እኔ ከታች እየሰማሁ። «ራሱ ነው የጠፋው! ምን ብዬ እዘጋብሻለሁ?»

እናትና ልጅ ተካሰሱ። «ቀኑን ሙሉ ሰው ስትገድልበት ውለህ ለምን አያተኩሰው?» ይላሉ እናት። «ኢማ፣ የእኔ ጨዋታ ላይ ይግላል እንጂ አይጠፋም። ካንቺ ጋር ነው የሚጠፋው» ይላል ልጅ። እናት «ቀንቶ ነው» ይላሉ። «እህቴን ስወዳት አይቶ ነው።»

ሮን አንድ ቀን ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ ሃዒር ሃዓቲቃ ሲወርድ፣ እኔም ጫማ ላሰፋ ነበርና አብሬው ሄድኩ። እዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጊዲ የሚባል መነጽራም ሰው ኮምፒውተር ይጠግናል። ገለበጠው፣ ብሎኖቹን ፈታ፣ የሥሩን ክዳን አነሳ። ማራገቢያዋ አትታይም። ያለችበት ቦታ ላይ ነጭ ነገር ተድቦልቡሏል። ጊዲ በወረንጦ ጎተተው። መጣ፣ መጣ፣ አላልቅ አለ። ባዘቶ ጥጥ! መሃል መሃሉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ክር አለበት፣ የጥለት ክር።

ጊዲ መነጽሩን ወደ ላይ አነሳና በዕብራይስጥ «ቤታችሁ ውስጥ በግ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሮን አፈረ። እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ጊዲ አጽድቶ ገጠመው፣ ከሥሩ የሚቀመጥ ማራገቢያ ያለው ሰሌዳም ጨመረበት። «ይሄ ሥሩን ያቀዘቅዝለታል። ከእንግዲህ አይጠፋም» አለ።

ተረኛው ዓርብ ሲደርስ ጠፋ።

ጭራሽ ከበፊቱ ቀድሞ ጠፋ! በማግስቱ፣ ሻባት፣ ሰንበቱ፣ እንደወጣ፣ እማማ ደመቀች ስልክ ሲደውሉ ድምፃቸው እንደወትሮው አልነበረም። ሲጨርሱ ደረጃውን ወርደው በሬን አንኳኩ። ወንበሬን ለቀቅሁላቸው፤ ልብሱ እላዩ ላይ ነው ደግሞ፣ ተመስገን። ተቀመጡ። 

«ሰለቸሁሽ አለችኝ» አሉ። «ትብለጥ። ‹ሀብት ስታገኚ ሰለቸሁሽ፣ ደግ አይደለም› አለችኝ። ‹ጉልበቴን እያመመኝ ሚኒባስ ተጋፍቼ የምመጣው በር ሊዘጋብኝ አይደለም፤ ከእንግዲህ አልመጣም› አለችኝ። አልቅሼ ለምኜ የሚመጣውን ወር አንድ ዓርብ ብቻ እሺ አለች። ‹ያን ቀን ከዘጋሽብኝ እህት አለኝ አልልም› አለች። አዝመራው፣ አንተ የምትጽፍ ሰው ነህ፣ ማሽን ታውቃለህ። አፈር ስሆን አንድ ነገር አድርግ።»

መጻፍና ማሽን ምን አገናኛቸው? የምጽፈው በቢክ እስክሪብቶ ነው። ኢንተርኔት ቤቴ እንዲገባ እንኳ አልፈቀድኩም። ግን እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? «እሺ፣ ልክ እንደ ዓርቡ አድርገው ያዘጋጁትና ልየው» አልኳቸው።

ሲጠሩኝ ወጣሁ። ሮን ሥራ ላይ ነበር። ሳሎኑ መሃል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከታች የሶፋው ትልቁ ትራስ አለ። በትራሱ ላይ የጊዲ የማራገቢያ ሰሌዳ አለ፣ ግን ድፍን አድርገው በሠሩት የዳንቴል ከረጢት ውስጥ ገብቶ። በሰሌዳው ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ጋቢ አለ። ላፕቶፑ ጋቢው ውስጥ እስከ ወገቡ ሰምጧል። ከኋላውና ከጎኑ ደግሞ አዲስ ነጠላ ደርበውለታል። ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው። ማራገቢያው ከዚያ ሁሉ ሥር ሆኖ ይቃትታል።

«እማማ ደመቀች፣ ሮን ይሄን አይቶታል?»

«ዓርብ እሱ ሳይመጣ አነሳዋለሁ። ‹ዳይ› ይለኛላ።»

«ይሄ ዕቃ እኮ የሚተነፍሰው ከሥሩና ከጎኑ ነው። አፍንጫው እዚያ ነው። እርስዎ አፍነውታል።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ? እኔ እንግዳ አፈንኩ?»

«እንግዳ አይደለም፣ ላፕቶፕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ያስቀምጡት፣ በቃ!»

ምን አፌን አስከፈተኝ! እማማ ደመቀች ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ሞልቷል።

«ትብለጥ ቤቴ የምትገባው በየት ነው አዝመራው? በዚህ አይደለም? የእናቴን ልጅ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጣት? እዚህ አገር አንድ ቀን እንኳ ቤቴ ገብታ አታውቅም። ውሃ አላቀበልኳት፣ እግሯን አላጠብኳት፣ አላጎረስኳት። ያለኝ ማስቀመጥ ብቻ ነው። እሱንም ተይ ትለኛለህ?»

ቆሜ የጋቢውን ጥለት አየሁ፤ ቀይና አረንጓዴ ነበር።

ቀስ ብለው ከጋቢው ሥር እጃቸውን ሰደዱ። የሚፋጀውን ነኩት። እጃቸውን ሳያወጡ ብዙ ቆዩ።

«እንግዲያ እኔ ነኝ» አሉ። «እኔው ራሴ ነኝ ስዘጋባት የኖርኩት።»

«አይደለም እማማ ደመቀች...»

«ነው እንጂ። ምን ይደባብሰዋል?» እንባቸውን በነጠላው ጫፍ ጠረጉ፣ የላፕቶፑን ነጠላ ማለቴ ነው። ከዚያ ድንገት ተነሱ። እማማ ደመቀች ሐዘን ላይ ብዙ አይቆዩም፣ እጃቸው ሥራ ይፈልጋል። «ከሥሩ ነፋስ የሚገባው፣ ግን ሰው የሚከበርበት መቀመጫ ነው የሚያስፈልገው፤ አይደለም?»

«እንዲያ ያለ ከየት ይመጣል?»

መልስ ሳይሰጡ ወደ በረንዳው ሄዱ። የሽንኩርት ከረጢት ሲወድቅ ሰማሁ፣ ባልዲ ሲንኳኳ ሰማሁ። ሲመለሱ አንድ ዱካ ታቅፈዋል። አራት አጭር እግር ያለው፣ መቀመጫው በገመድ የተጠለፈ፣ ሃዒር ሃዓቲቃ የሚሸጡት ዓይነት። ገመዱ ሳሳ ብሎ ነው የተጠለፈው፤ ጣት ያስገባል።

«የገዛሁት የአባታችንን ዱካ ስለመሰለኝ ነበር» አሉ። «እሱ በጠፍር የተጠለፈች ነበረችው። እንግዳ ሲመጣ ከሥሩ አውጥቶ ‹እዚህ ተቀመጥ› ይል ነበር። እዚያች ላይ የተቀመጠ ሰው ባዶውን ተቀመጥኩ ብሎ አያውቅም።»

ጠረጴዛውን አለበሱ፣ እሱን ማን ይከለክላቸዋል! በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ዱካዋን አስቀመጡ፣ በዱካዋ ላይ ላፕቶፑን። ሮን ማታውኑ ሥሩን ከፍቶ አዲሱን ባዘቶ ጠረገለት። የጊዲን ሰሌዳ እምቢ አሉ። «እሱ ይጮኻል፣ እንግዳ ፊት አይጮኽም።» ነጠላውም ጎኑን ለቆ ከኋላ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ሞከርነው። እጄን ከዱካዋ ሥር ባደርግ ለስላሳ ነፋስ መዳፌን ነካኝ። እሳቸውም እጃቸውን አደረጉ። «ተነፈሰች!» ብለው እልል አሉ። ፊት ለፊት የምትኖረው ሊአት ምን ተፈጠረ ብላ በሯን ከፈተች።

ዓርብ ደረሰ። እኔም ነጭ ሸሚዜን ለበስኩ። ለምን እንደለበስኩ አላውቅም። ሮን ከሥራ ቀደም ብሎ መጥቶ ነበር። አረንጓዴው ተነካ። ጠበቅን። ምስሉ ተንቀጠቀጠና እማማ ትብለጥ ወጡ። ቀጭን ናቸው፣ ግንባራቸው የእማማ ደመቀች ነው። አልሳቁም። የመጡት ሊዘጋባቸው መሆኑን እንዳመኑ ያስታውቃል።

«እንደምን ነሽ» አሉ ቀዝቀዝ ብለው።

«እታለሜ! ደህና ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

ሰላምታው ሄደ ሄደና አለቀ። ሰላምታ ሲያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እማማ ትብለጥ ጠበቁ፤ መጥፋቱን ነው የሚጠብቁት። እኛም የማራገቢያውን ጩኸት ጠበቅን። አልጮኸም። ከጎንደር አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ ተሰማ።

«አልዘጋሽም» አሉ እማማ ትብለጥ።

«አልዘጋሁም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነበር እስከ ዛሬ?»

«ላከብርሽ ብዬ ነው» አሉ እማማ ደመቀች። የትራሱን፣ የጋቢውን፣ የነጠላውን ታሪክ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። እማማ ትብለጥ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሰሙ። ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸው ምስሉን ቀድሞ ደረሰ፣ ፊታቸው ገና ሳይስቅ ድምፁ ይስቃል። ሮን ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

እማማ ደመቀች ግን ስክሪኑን ጠጋ ብለው እያዩ ነበር። «ቆይ እስቲ! ያ ወንበር ፕላስቲክ ነው? ትብለጥ፣ ባዶውን ነው የተቀመጥሽው?»

እማማ ትብለጥ ከወንበራቸው ብድግ አሉና ከሥራቸው የታጠፈ ነጠላ አውጥተው ለካሜራው አሳዩ። «እኔስ የማን እህት ነኝ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያወሩትን አልጽፈውም። የእነሱ ነው። እማማ ትብለጥ «አንድ ነገር ልንገርሽ» ብለው ሲጀምሩ ይቋረጥ የነበረውን ነገር በመጨረሻ ተናገሩ፤ ለካ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። «ናፈቅሽኝ» ነበር። ይቺን ለማለት ስንት ዓርብ ተመላለሱ!

አወሩ፣ አለቀሱ፣ ሳቁ። ጎንደር ያለው የኢንተርኔት ቤት ሰውዬ «እማማ፣ ወረፋ አለ» አላቸው። እዚህም ሻባት ሳይገባ የሚሠራ ሥራ አለ። ያኔ ማናችንም ያላሰብነው ጣጣ መጣ። እስከ ዛሬ የሚሰናበትላቸው ማሽኑ ነበር። ድርግም ይላል፣ ያበቃል፤ ማንም ማንንም ደህና ሁኚ አላለም። አሁን ማሽኑ ደህና ነው።

«በይ ዝጊው» አሉ እማማ ትብለጥ።

«አንቺ ዝጊው።»

«እኔ አልዘጋም። አንቺው ዝጊው።»

«ሞቼ ልገኝ! እኔ ሁለተኛ አልዘጋብሽም!»

ሮን እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ እናቱ መቱት። ሁለቱ እህትማማቾች ተያዩ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ማየቱ ከበደኝ።

«ቆይ» አሉ እማማ ደመቀች። «ቆይ ልሸኝሽ።»

ላፕቶፑን ከነዱካዋ ከሥር አቀፉት፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀሉ።

«ኢማ! ለአን?» አለ ሮን፣ ወዴት ነው ማለቱ ነው።

«እንግዳ በተቀመጠችበት ነው እንዴ የምትሰናበተው? ነውር አታውቅም? በሩን ክፈት!»

ከፈተ። ወጡ። እኔም ተከተልኩ። «ይሄ ደጃችን ነው ትብለጥ። ይቺ ሊአት ናት፣ ጎረቤቴ።» ሊአት የገበያ ከረጢት እንደያዘች ቆማ ለላፕቶፑ «ሻባት ሻሎም» አለች። እማማ ትብለጥ «ሻባት ሻሎም» ብለው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ደረጃው ነው፣ ቀስ በይ። አምፖሉ ተቃጥሏል፣ አትፍሪ።» አንድ አንድ ደረጃ እየወረዱ፣ ላፕቶፑን ወደፊት እያዞሩ፣ እየነገሯቸው። እማማ ትብለጥ ደግሞ ከወዲያ፣ ማንኛውም የሚሸኝ እንግዳ እንደሚለው፣ «በቃ፣ በቃሽ፣ ተመለሺ፣ ይደክምሻል» ይላሉ። «ትንሽ፣ እስከ ታች ብቻ» ይላሉ እማማ ደመቀች።

እኔ በር ፊት ሲደርሱ ከላይ ቤት የሚመጣው የኢንተርኔት ምልክት አልደርስ አለ። የእማማ ትብለጥ ፊት ቀጥ አለ፣ እጃቸው ለስንብት ግማሽ ተነስቶ። እማማ ደመቀች ትንሽ ጠበቁ። ጠሯቸው። መልስ የለም።

«እስከ ታች እንኳ ሳላደርሳት» አሉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ላፕቶፑን ሸፈኑት። አፍነውታል ልል ነበር። አላልኩም።

እሑድ ጠዋት ሥራ ሳልገባ ወደ ላይ ወጥቼ የሮንን በር አንኳኳሁ። ያ ቤታችሁ ያለው ኢንተርኔት የሚረጨው ሳጥን፣ ምልክቱን ተቀብሎ ወደ ታች የሚያደርስ ታናሽ ወንድም የለውም ወይ አልኩት። አለው አለኝ። በእኔ መብራት፣ በእኔ ደጃፍ ግጠምልኝ አልኩት። ሮን አየኝ። «አንተ ኢንተርኔት አልፈልግም አላልክም?» «አሁንም አልፈልግም» አልኩት።

ሳጥኗ ከመግቢያዬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ ከሥሯ ዳንቴል አለ። ባዶዋን ትቀመጥ ብላችሁ ነው? ትሞቃለች ትንሽ። በየሳምንቱ በእጄ እነካታለሁ፤ እስካሁን ደህና ናት።

አሁን በወር አንድ ዓርብ፣ ቀትር ሲያልፍ፣ በሬን ከፍቼ እቆማለሁ። የእማማ ደመቀች ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ሲንሸራተት እሰማለሁ፤ ዱካዋን አቅፈው፣ «ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ ደረጃው ተሸርፏል» እያሉ ይመጣሉ። እኔ ደጅ ሲደርሱ ላፕቶፑን ወደ እኔ ያዞሩታል። «እንደምን ዋሉ እማማ ትብለጥ» እላለሁ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ ሚስት አላገባህም?» ይላሉ። «የቀረችልኝ የለችም» እላለሁ። ይስቃሉ፣ ያልፋሉ፣ ወደ ታችኛው በር ይወርዳሉ። እዚያ የአውቶቡሱን ፌርማታ፣ ባህር ዛፉን፣ የታጠበ ልብስ የተሰጣበትን በረንዳ ያያሉ። ከዚያ «በቃሽ፣ ተመለሺ» ይሏቸዋል። እማማ ደመቀችም ላፕቶፑን በነጠላቸው ሸፍነው ብቻቸውን ይመለሳሉ።

እኔ ከዚያ በኋላም በሬን አልዘጋም፣ እስኪመሽ ድረስ። ሮን ሳጥኗ እንድትቀዘቅዝ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። እማማ ትብለጥ በደጄ ሲወርዱ እንጂ ሲወጡ አላየኋቸውም። አንድ ቀን፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ በገዛ እግራቸው ሲወጡ፣ እዚህ እኔ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ማረፍ ይፈልጋሉ። ወንበሬ በሩ አጠገብ ናት። ለብሳለች።